ጡት ከማስተለቅ በኋላ የትኛው ሕመም ይጠበቃል? ሐኪም የሚያስጠራውስ የቱ ነው?

ያማል። ይህን በግልጽ ተናግሮ መጀመር ይሻላል። በቲክቶክና በኢንስታግራም የሚለቀቁት ቪዲዮዎች የሚያሳዩት ከኦፕራሲዮኑ በፊት ያለውንና ከወራት በኋላ ያለውን ነው። መሃሉ ተቆርጦ ይወጣል። ከአልጋ ለመነሳት ሰው የሚያስፈልግበት፣ ጸጉር ማበጠር ትልቅ ሥራ የሚሆንበት ሳምንት እዚያ መሃል ነው ያለው።

ደግነቱ የሕመሙ አካሄድ የታወቀ ነው። መቼ እንደሚበረታና መቼ እንደሚቀል አስቀድሞ መናገር ይቻላል። ማገገሙ ደህና ከሆነ ሕመሙ በሁለቱም ጡቶች ላይ ተቀራራቢ ይሆናል፤ ከቀን ወደ ቀንም ይቀንሳል። በአንድ ጎን ብቻ እየባሰ የሚሄድ ወይም ቀንሶ ከቆየ በኋላ የሚያገረሽ ሕመም ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን አትርሺ።

ሕመሙ ከየት ይመጣል?

ሐኪሙ ቆዳውን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይከፍታል። ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው ከጡት ሥር ባለው እጥፋት ላይ ነው። በጡት ጫፍ ዙሪያ ባለው ጠቆር ያለ ክብ ጠርዝ ወይም በብብት በኩል የሚገቡም አሉ። ከዚያ ለኢምፕላንቱ፣ ማለትም ጡት ውስጥ ለሚገባው በሲሊኮን ወይም በጨው ውኃ የተሞላ ከረጢት፣ የሚሆን ቦታ ከውስጥ ያዘጋጃል። ይህ ቦታ ከጡት ሥጋ ሥር ሆኖ ከደረት ጡንቻ በላይ ሊሆን ይችላል። ወይም ጡንቻው ይነሳና ኢምፕላንቱ ከሥሩ ይገባል። ብዙ ሐኪሞች ሁለቱን ያጣምራሉ፤ የኢምፕላንቱ የላይኛው ክፍል በጡንቻ፣ የታችኛው በጡት ሥጋ ይሸፈናል። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይፈጃል። ብዙዎቹ ሴቶች በዚያው ቀን ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

ዋናው ሕመም ከተቆረጠው ቆዳ አይደለም የሚመጣው። የሚያሳምመው ውጥረቱ ነው። ቆዳው፣ የጡት ሥጋው፣ ጡንቻው ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለጠጣሉ። ወልዳ ያጠባች ሴት ወተት ሞልቶ ጡት የሚወጠርበትን ቀን ታስታውሳለች፤ ስሜቱ ለዚያ ይቀርባል። ይሄኛው ግን በማጥባት አይቀልም፤ ሰውነት እስኪላመደው መጠበቅ ግድ ነው። ኢምፕላንቱ ከጡንቻ ሥር ከገባ ደግሞ ጡንቻው ይኮማተራል፤ ደረት ይከብዳል፤ በረጅሙ መተንፈስም ያስቸግራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ከጡንቻ ሥር የተደረገው ይበልጥ ያማል። ቀጭን የሆነች ወይም ለሰውነቷ ትልቅ የሆነ ኢምፕላንት የመረጠች ሴት ውጥረቱ ይበረታባታል። የመጠን ምርጫ የመልክ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ያሳስበኛል። ከሐኪሙ ጋር ስለ መጠን ስትነጋገሪ ስለ ሕመሙም አብረሽ አንሺ።

የመጀመሪያው ሌሊትና ከዚያ በኋላ

ከሆስፒታል ስትወጪ ሕመሙ ቀላል ሊመስልሽ ይችላል። ምክንያቱም ቁስሉ አካባቢ የተወጋሽው ማደንዘዣ ገና አልለቀቀም። ማታ ላይ ይለቃል። ከዚያ በኋላ ሕመሙ እስከ 2ኛው ወይም 3ኛው ቀን ድረስ ይበረታል። ጉሮሮም ሊከረክር ይችላል፤ ተኝተሽ ሳለ ለመተንፈሻ የገባው ቱቦ ነው ምክንያቱ፣ በአንድ በሁለት ቀን ይተዋል። ማቅለሽለሽም ያጋጥማል። ከዚህ በፊት በማደንዘዣ ያስመለሳት ወይም መኪና የሚያስመልሳት ሴት አስቀድማ ብትናገር መከላከያ መድኃኒት ይሰጣታል።

ከአልጋ መነሳቱን ጠጋ ብለን እንየው። የደረት ጡንቻ ከደረት አጥንትና ከጎድን ተነስቶ ክንድ ላይ ነው የሚያያዘው። ስለዚህ ክንድ በገፋ፣ በሳበ፣ ወደ ላይ በተነሳ ቁጥር ጡንቻው ይሠራል፤ ሥሩ ያለውንም ኢምፕላንት ይጫናል። ሰው ከአልጋ ሲነሳ ሳያስበው በእጁ ፍራሹን ይገፋል። እሱ ነው የሚያስጮኸው። ሊረዳ የመጣ ሰው ደግሞ በደግነት እጅ ይዞ ይስባል፤ ያ የባሰ ነው። እንዲህ ቢደረግ ይሻላል፦ ጉልበትሽን አጥፈሽ እጆችሽን ሆድሽ ላይ ሰብሰብ አድርጊ። የሚረዳሽ ሰው አንድ እጁን በጀርባሽ በኩል፣ ከትከሻሽ ሥር ይስደድና ቀስ ብሎ ያንሳሽ። እግርሽን አውርጂ፣ ትንሽ ተቀምጠሽ ተንፍሺ፣ ከዚያ በእግርሽ ጉልበት ቁሚ። በሁለት ሦስት ትራስ ደገፍ ብሎ በጀርባ መተኛት ይህን ሁሉ ያቀለዋል፤ እብጠቱንም ይቀንሳል። በጎን ወይም በሆድ ለመተኛት የሐኪሙን ፈቃድ ጠብቂ።

ጠዋት ጠዋት ውጥረቱ ቢብስ አትደንግጪ። ሌሊቱን ሳይንቀሳቀስ ያደረ ጡንቻ ነው። ተነስተሽ ቤት ውስጥ ስትራመጂ ይላላል፤ ይህ ለሳምንታት ሊቀጥል ይችላል። መራመዱ ራሱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስፈልጋል፣ እግር ላይ ደም እንዳይረጋ።

ከዚያ ደግሞ ሆድ የሚብስበት ቀን አለ። ጡቱ አብጧል፣ ወደ ላይ ወጥቷል፣ ጠንክሯል፣ አንዱ ከሌላው የተለየ ይመስላል። መስታወት ፊት ቆማ «ምን አደረግሁ?» ብላ የምታለቅስ ሴት ብቻዋን አይደለችም። የማደንዘዣው ድካም፣ የእንቅልፍ ማጣቱና የሕመሙ ድምር ነው። ቅርጹን በዚያ ሳምንት መፍረድ አይቻልም። እብጠቱ ሲወርድና ጡንቻው ሲላላ ኢምፕላንቱ ወደ ቦታው ይወርዳል፤ ይህም በአብዛኛው ከ3 እስከ 6 ወር ይወስዳል።

በሁለተኛው ሳምንት ብዙዎች ጠንካራውን መድኃኒት ትተው በፓራሲታሞል ብቻ ይውላሉ። ልክ የዳንሽ ሲመስልሽ ግን አዲስ ዓይነት ሕመም ይመጣል፤ ድንገት ውግት የሚያደርግ፣ የሚያቃጥል፣ ኤሌክትሪክ እንደያዘሽ የሚያስደነግጥ። የጡት ጫፍ ልብስ ሲነካው እንኳ ሊያምሽ ይችላል፤ ወይም በተቃራኒው ይደነዝዛል። የጡት ጫፍን ስሜት የሚሸከመው ነርቭ በአብዛኛው ከ4ኛው ጎድን አካባቢ በጎን በኩል የሚመጣ ነው፤ ለኢምፕላንቱ ቦታ ሲዘጋጅ ይለጠጣል። ውግታው ነርቩ እያገገመ የመሆኑ ምልክት ነው። በወራት ውስጥ ይቀንሳል። በአንዳንድ ሴቶች ግን የስሜት ለውጡ እስከ መጨረሻው ይቀራል፤ ይህን ከመፈረምሽ በፊት ማወቅ አለብሽ። የደነዘዘ ቆዳ ላይ በረዶም ሆነ ትኩስ ነገር በቀጥታ አታድርጊ፤ ሲያቃጥልሽ አይታወቅሽም።

መድኃኒቱን በሰዓቱ

እኛ ዘንድ ሕመምን መቻል እንደ ጉብዝና ይቆጠራል። እዚህ ላይ አይጠቅምም። ሕመሙ ከበረታ በኋላ የሚወሰድ መድኃኒት ለማስታገስ ይቸገራል። ያመማት ሴት በረጅሙ አትተነፍስም፣ አትራመድም፣ አትተኛም፤ ማገገሙም ይዘገያል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የታዘዘልሽን በሰዓቱ ውሰጂ፣ ሌሊትም ቢሆን።

ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ የተለያዩ መድኃኒቶችን ያጣምራሉ። መሠረቱ ፓራሲታሞል ነው። ለጤነኛ አዋቂ ከባለ 500 ሚሊ ግራሙ በአንድ ጊዜ ሁለት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ከ8 ፍሬ ያልበለጠ። ጉበቷን ለሚያማት ወይም ክብደቷ ዝቅ ላለ ሴት ከዚያም ያንሳል። አሜሪካ ያላችሁ፣ ታይሌኖል ወይም አሲታሚኖፌን የሚባለው ይኸው ፓራሲታሞል ነው። በብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም አለ። ሳታውቂ እጥፍ እንዳትወስጂ የዕቃውን ጀርባ አንብቢ።

አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ እብጠትና ሕመም ይቀንሳሉ። አንዳንድ ሐኪሞች ከመጀመሪያው ቀን ያዝዟቸዋል፤ ሌሎች ደም እንዳይፈስ በመስጋት ያዘገዩአቸዋል። ስለዚህ የራስሽን ሐኪም ጠይቂ። ከጎረቤት ተቀብለሽ አትዋጪ። አስፕሪን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይነካም። ጠንካራዎቹ ማስታገሻዎች፣ ትራማዶልና መሰሎቹ፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ ናቸው። ያደነዝዛሉ፣ ከአልኮል ጋር አይሄዱም፣ መኪና አያስነዱም፣ ሆድ ያደርቃሉ። ለሆድ ድርቀቱ ውኃ በብዛት መጠጣት፣ ፍራፍሬና ተልባ ይረዳሉ። ከኤምሬትስ ለምትመጡ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ትራማዶል እዚያ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ያለ መድኃኒት ነው፤ ያለ ፈቃድ ይዞ መግባት በሕግ ያስጠይቃል።

ጾም ላይ ከሆንሽ አይቡፕሮፌንንና ዲክሎፌናክን በባዶ ሆድ አትውሰጂ፤ ጨጓራ ያቆስላሉ። ቁስል የሚሽረው በምግብም ጭምር ነው። ለሕመምተኛ የጾም ፈቃድ በክርስትናውም በእስልምናውም አለ፤ የንስሐ አባትሽን ወይም የምታምኛቸውን ዑስታዝ ጠይቂ።

ለአንድ ሰው ንገሪ

ብዙ ሴቶች ይህን ኦፕራሲዮን በድብቅ ያደርጋሉ። የሰው ወሬ ይፈራሉ፣ እናት እንዳትሰማ ይፈራሉ። ስሜቱ ይገባኛል። ግን ብቻ መሆን ከሕመሙ ይልቅ አደገኛ ነው ብዬ አምናለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ምግብ የሚያቀርብ፣ ከአልጋ የሚያነሳ፣ ሌሊት አንድ ነገር ቢፈጠር ወደ ሆስፒታል የሚወስድ ሰው የግድ ያስፈልጋል። አገር ሙሉ መስማት የለበትም፤ አንድ ሰው ይበቃል። ስትሳሳሙ ትከሻ ለትከሻ መጋጨት እንኳ ያማል። የማያውቅ ሰው ደግሞ አይጠነቀቅልሽም።

የቤት ሥራውም ሰው ይፈልጋል። የሐኪም ወረቀት «ከባድ ነገር አታንሺ» ይላል፤ እኛ ቤት ሲተረጎም ጄሪካን፣ የሊጥ ባልዲ፣ አክንባሎ ማለት ነው። እንጀራ መጋገር ክንድን ደጋግሞ ያነሳል፤ ጥቂት ሳምንታት ይቆይ። ትንሽ ልጅ ያላት እናት ከሁሉ የበለጠ ትቸገራለች። የአንቀልባው ማሰሪያ ደረት ላይ ስለሚያልፍ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ማዘል አይቻልም። ልጁን ተቀምጠሽ ሌላ ሰው ጭንሽ ላይ ያስቀምጥልሽ። ስግደትና ሱጁድም ክንድን ስለሚያስገፉ ለጊዜው በመቀመጥ ወይም በመቆም ይሁን። የቢሮ ሥራ ያላት ሴት በ1 ወይም በ2 ሳምንት ልትመለስ ትችላለች። መኪና መንዳት ጠንካራው መድኃኒት ከቆመና መሪውን ያለ ሕመም ማዞር ከተቻለ በኋላ ነው፤ ቀበቶው ሥር ትንሽ ትራስ ማድረግ ይረዳል። ሩጫና ጂም ብዙ ጊዜ 4፣ አንዳንዴ 6 ሳምንት ይጠብቃሉ። ሽቦ የሌለው፣ ደገፍ የሚያደርግ ጡት መያዣ ሐኪሙ እስካለው ጊዜ ድረስ ይደረጋል፣ ሌሊትም ጭምር።

ሐኪም የሚያስጠራው

አሁን ወደ አንድ ጎን ሕመም እንመለስ። በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት አንዱ ጡት በሰዓታት ውስጥ ከሌላው በግልጽ ካበጠ፣ ከጠነከረ፣ ሕመሙ በመድኃኒት አልታገስ ካለ ውስጥ ደም እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። ይህ እስኪነጋ አይጠበቅም። ብዙ ጊዜ ተመልሶ ኦፕራሲዮን ክፍል መግባት፣ ደሙን ማውጣትና የሚደማውን ማሰር ይጠይቃል። በጊዜው ከተደረሰበት መፍትሔው ቀላል ነው። ስለዚህ ጠዋትና ማታ መስታወት ፊት ሁለቱን አወዳድሪ። የተፈቀደልሽ ከሆነ ፎቶ አንሺ፤ ለሐኪሙ ስትደውዪ ለውጡን ለማሳየት ይጠቅማል።

ኢንፌክሽን አብዛኛውን ጊዜ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ይመጣል። ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከቁስሉ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ መውጣት፣ ቀንሶ የነበረው ሕመም ማገርሸት። ወረቀቶቹ «መቅላት» ይላሉ። እሱ የተጻፈው ለነጭ ቆዳ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ጠቆር ብሎ፣ ወይን ጠጅ መስሎ፣ ቆዳው ተወጥሮ አብረቅርቆ ነው የሚታየው። በመዳሰስ ይሻላል። የእጅሽን ጀርባ በአንዱ ጡት ላይ፣ ቀጥሎ በሌላው ላይ አድርጊ። አንዱ በግልጽ የሚሞቅ ከሆነ ደውዪ። ቅቤ፣ ማር፣ የተቀጠቀጠ ቅጠል ቁስሉ ላይ አይደረግም።

የአንድ እግር ባት ካበጠና ካመመ፣ በተለይም ትንፋሽ ካጠረ ወይም ስትተነፍሺ ደረትሽን ከወጋሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ይችላል። እዚያም የተደረገልሽን በግልጽ ተናገሪ፤ በሐፍረት የተደበቀ ኦፕራሲዮን ሐኪሙን ያሳስተዋል።

አንድ አስፈሪ መስሎ ብዙ ጊዜ ቀላል የሆነ ነገርም አለ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከጡት ሥር ወደ ሆድ የሚወርድ፣ ክንድ ሲነሳ የሚወጠርና የሚያም፣ ክር የመሰለ ነገር ከቆዳ ሥር ይወጣል። እዚያ ያለች ትንሽ ደም ሥር ተቆጥታ ነው። ሐኪም ይየው እንጂ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይጠፋል።

ስለ ጠባሳም ልናገር። ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ ጠርዝ አልፎ የሚያድግ ጠባሳ፣ በጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛል። ጆሮሽ የተበሳበት ቦታ ካበጠ፣ በኦፕራሲዮን ወልደሽ ጠባሳው ካደገ፣ ወይም በቤተሰብ ካለ ከመቆረጥሽ በፊት ተናገሪ። ጠባሳ እስኪረጋ ከ1 ዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ማሳከኩና ውጥረቱም እስከዚያው ይቆያል።

ለኦፕራሲዮን አገር የምታቋርጪ ከሆነ

ኢስታንቡል፣ ዱባይ፣ ባንኮክ ሄዶ የሚያሠራ ብዙ ነው። በዋጋው ላይ አስተያየት የለኝም። ጥያቄዬ ማገገሙ የት ይሆናል የሚለው ነው። የብሪታንያ የጤና አገልግሎት ከጡት ቀዶ ጥገና በኋላ ከ5 እስከ 7 ቀን ሳይበሩ መቆየትን ይመክራል፤ ያንቺ ሐኪም ከዚያ በላይ ሊልሽ ይችላል። ከኢስታንቡል ዋሽንግተን ከ10 ሰዓት በላይ መቀመጥ ነው፣ ደም ለመርጋት የሚመች ሁኔታ። ሻንጣውንም ሌላ ሰው ማንሳት አለበት።

ደግሞ ኢንፌክሽን ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሄደው የውበት ቀዶ ጥገና ባደረጉ የአሜሪካ ነዋሪዎች ላይ ከቲቢ ጋር ዝምድና ያለው ባክቴሪያ ተገኝቶ ነበር። ይህ ባክቴሪያ ከሳምንታት በኋላ ይታያል፣ ለተለመደው አንቲባዮቲክ አይበገርም፣ ሕክምናውም ወራት ይወስዳል። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ስትመለሺ ማን እንደሚያይሽ እወቂ። «አገርሽ ያለ ሐኪም ያየዋል» የሚል ክሊኒክ ከሆነ የዚያን ሐኪም ስምና ስልክ አስቀድመሽ ያዢ።

ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ሕመም

የመጀመሪያው የሲሊኮን ኢምፕላንት የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1962 በሂውስተን፣ ቴክሳስ ነው፤ ሐኪሞቹ ቶማስ ክሮኒንና ፍራንክ ጌሮው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ግልጽ የሆነው አንድ ነገር ኢምፕላንት የዕድሜ ልክ ዕቃ አለመሆኑ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) እ.ኤ.አ. በ2021 ይህንኑ ከኢምፕላንቱ ጋር በሚሰጠው ጽሑፍ ላይ፣ በሣጥን በተከበበ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አድርጓል። ዓመቱ በረዘመ ቁጥር ችግር የማጋጠሙ ዕድል ይጨምራል፤ መቀየሪያ ወይም ማውጫ ኦፕራሲዮን ሊያስፈልግ ይችላል።

ሰውነት በኢምፕላንቱ ዙሪያ ስስ ሽፋን ይሠራል። ይህ የተለመደ ነው። አንዳንዴ ግን ሽፋኑ ይወፍርና ኢምፕላንቱን ይጨመድዳል። ጡቱ ይደድራል፣ ቅርጹ ይጣመማል፣ ሲጠናም ያማል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ የሚጀምር የአንድ ጎን ሕመም ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። ከዓመታት በኋላ አንዱ ጡት ድንገት ፈሳሽ ሞልቶ ካበጠ ደግሞ መመርመር አለበት። በአብዛኛው ሸካራ ገጽ ካላቸው ኢምፕላንቶች ጋር የተያያዘ፣ ብዙ የማያጋጥም የሊምፎማ (የነጭ ደም ሴሎች ካንሰር) ዓይነት አለ። በጊዜ ከተገኘ ኢምፕላንቱንና ሽፋኑን በማውጣት ብዙውን ጊዜ ይድናል። በዚህ ምክንያት ባዮሴል የተባሉት ሸካራ ኢምፕላንቶች እ.ኤ.አ. በ2019 ከገበያ ተሰብስበዋል። መላ ሰውነትን የሚያደክም፣ መገጣጠሚያ የሚያሳምም፣ ሐሳብ የሚበትን ስሜት የሚናገሩ ሴቶችም አሉ። የሚያረጋግጠው አንድ ምርመራ የለም፤ ኢምፕላንቱ ሲወጣ የተሻላቸው ግን አሉ። እንዲህ የምትል ሴት ልትሰማ ይገባል።

የኢምፕላንትሽን ካርድ አትጣዪው። የአምራቹ ስም፣ ዓይነቱና መለያ ቁጥሩ እዚያ ላይ አለ። ፈረንሳይ ውስጥ ፒአይፒ የተባለ ኩባንያ ለሕክምና ባልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲሊኮን ኢምፕላንት ሲሠራ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2010 ታወቀ፤ በዓለም ዙሪያ ወደ 300,000 ሴቶች ነክቷል። በዚያን ጊዜ ውስጧ ያለው የማን ምርት እንደሆነ የማታውቅ ሴት መጀመሪያ ያንን ማፈላለግ ነበረባት። የካርዱን ፎቶ ስልክሽ ውስጥም አስቀምጪው።

የሲሊኮን ኢምፕላንት ምንም ሳያም ሊቀደድ ይችላል። ስለዚህ ኤፍዲኤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከ5 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ መታየትን ይመክራል። ለጡት ካንሰር ማሞግራም (የጡት ራጅ) ስትነሺ ደግሞ ኢምፕላንት እንዳለሽ ከመነሳትሽ በፊት ለባለሙያዋ ንገሪ። ኢምፕላንቱን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ተጨማሪ ፎቶዎች ታነሳለች፤ ያለዚያ የጡት ሥጋው የተወሰነ ክፍል ሳይታይ ይቀራል።